ሽንኩርቱ ወደ አዳማ፣ ወረቀቱ ወደ አሰላ

ከአቦምሳ መናኸሪያ የሚነሳ መንገደኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የመሬት ክርክር፣ የሥራ ዝውውር ወይም የጡረታ ጉዳይ ይዟል፤ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ዞኑ ዋና ከተማ ወደ አሰላ ይሄዳል። ሁለተኛው የሽንኩርት ኬሻ፣ የቲማቲም ሳጥን ወይም የቡና ጆንያ አስጭኗል፤ ጉዞው ወደ አዳማ ነው። አቦምሳ የአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ከተማ ናት። በካርታ ላይ ሲታይ አዳማ ከአሰላ ይልቅ ትቀርባታለች። ቢሮዋና ገበያዋ እንዲህ በሁለት አቅጣጫ የተከፈሉት ግን በአንድ ቀን አይደለም። ነገሩ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ የከተሞች ፉክክር ውጤት ነው።

አዳማ የምትባል ከተማ ሳትኖር የሸዋ ንግድ በሌላ በር ይገባ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ከሐረር የተነሱ ሲራራ ነጋዴዎች በረሃውን አቋርጠው የሚያራግፉት ከአንኮበር ቁልቁል ባለችው በአልዩ አምባ ነበር። ቡናው፣ ጨርቁና አሞሌ ጨው የሚሸጠው እዚያ ነው። ቤተ መንግሥቱ ላይ፣ ገበያው ታች፣ ሁለቱ ተሳስረው ኖሩ። በ1879 ዓ.ም. ግን ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ ሆኑ። አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ በጨለንቆ ውጊያ ማግሥት ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ደቡብ ሲወርድ የአልዩ አምባ ዕድል አብሮ አልወረደም። ዛሬ ስሟን የሚያውቀው የታሪክ አንባቢና የአካባቢው ሰው ነው።

በዚያ ዘመን አዳማ ሜዳ ነበረች። ስሟ በኦሮምኛ ቁልቋልን ከሚያመለክተው “አዳሚ” ከሚለው ቃል እንደመጣ ይነገራል፤ ደረቁን ሜዳ ላየ ሰው ትርጉሙ እንግዳ አይሆንበትም። ከአዋሽ ማዶ ያለው የአርሲ ደጋ በሌላ በኩል እህልና ከብት የሞላበት አገር ነበር። የምኒልክ ጦር ብዙ ደም ካፈሰሱ ተደጋጋሚ ዘመቻዎች በኋላ አርሲን በ1870ዎቹ መጨረሻ ላይ ያዘ። ሜዳውና ደጋው ገና በገበያ አልተገናኙም።

ያገናኛቸው ባቡር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መንገዱን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ተራራው አስቸገረ፤ ወጪውም ከበደ። መሐንዲሶቹ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ማለፍን መረጡ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ። አዲሲቱን ጣቢያ መጀመሪያ ያወጡላት ስም “አዲስ ሐረር” የሚል ነበር። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ አሮጌዋ ሐረር ከጀጎል ግንቧ ጋር ተራራ ላይ ቀረች፣ መጋዘኑና ጉምሩኩ ወደ ሜዳው ወረደ። ሐረር የሃይማኖትና የሥልጣኔ ክብሯን አላጣችም። የንግዱ የበላይነት ግን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለተወለደችው ታናሽ ተላለፈ።

ኩባንያው ከድሬዳዋ በኋላ ገንዘብ አለቀበት፣ ከሰረም። ሥራው በአዲስ ኩባንያ ከቀጠለ በኋላ ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው ርቀት 784 ኪሎ ሜትር ነው። ከመዲናዋ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ባቡሩ ከሚቆምባቸው ጣቢያዎች አንዷ አዳማ ነበረች።

ሆኖም ጣቢያ ያገኘችው አዳማ ብቻ አይደለችም። ሞጆም ቢሾፍቱም ባቡሩ ይቆምባቸው ነበር፤ ሁለቱም ለመዲናዋ ይቀርባሉ። ታዲያ አዳማ በምን በለጠቻቸው? ከጀርባዋ አርሲ ስላለ ነው። ከደጋው በአህያና በበቅሎ የሚወርደው ስንዴ፣ ገብስና ቆዳ ሐዲዱን የሚያገኘው አዳማ ላይ ነበር። ወደ ላይ የሚመለሰው ጨው፣ ጨርቅና ቆርቆሮም ከዚያው ይነሳል። ቢሾፍቱ ሐይቆቿ አሏት፣ ሞጆ የደቡቡ መንገድ መገንጠያ ናት፤ አዳማ ግን የአንድ ሙሉ ደጋ በር ሆነች። በአምስቱ የጣሊያን ወረራ ዓመታት የጭነት መኪና እየበዛ ሲሄድም በሩ ከእጇ አልወጣም፤ እህሉ ከበቅሎ ጀርባ ወደ መኪና ተዛወረ እንጂ መድረሻውን አልቀየረም።

ከነፃነት በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋን “ናዝሬት” ብለው ሰየሟት፤ ስሙ የተወሰደው ክርስቶስ ካደገባት ከተማ ነው። ናዝሬት በመንግሥት ደብዳቤ፣ በትምህርት ቤትና በባቡር ቲኬት ላይ ሠራች። አዳማ የሚለው ስም ግን በዙሪያው ባለው ገበሬና አርብቶ አደር አንደበት መኖሩን ቀጠለ። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አንዲት ከተማ በሁለት ስም ተጠራች።

ቀጥሎ የመጣው ስኳር ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ከወጣች በኋላ ሌላ የሸንኮራ አገር ሲፈልግ ነበርና በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። ከአዳማ በስተደቡብ በወንጂ ሜዳ የተተከለው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። ሜዳው የጅሌ ኦሮሞ የግጦሽ አገር ነበር፤ ሸንኮራው ሲገባ ከብቱ ወጣ። ለአገዳ ቆረጣ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጎረፈ። ደሞዙን የተቀበለ ሠራተኛ የሚገበያየው፣ የሚዝናናውና ብዙ ጊዜም ቤት የሚሠራው አዳማ ስለነበር የከተማዋ መልክ ተለወጠ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከግንባር ቀደሞቹ መካከል የወንጂ ሠራተኞች ነበሩ።

በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነው፤ ለአዲስ አበባ መብራት፣ ለአካባቢው ፋብሪካም ጉልበት ሆነ። ለቆላው ገበሬ ግን የበለጠው ለውጥ ሌላ ነበር፤ ክረምት ይሞላና በጋ ይጎድል የነበረው አዋሽ በመጠን መፍሰስ ጀመረ። በዚህ ምክንያት ወንዙ በሚወርድበት አቅጣጫ መስኖ ተዘረጋ። መተሐራ ላይ ሌላ የስኳር እርሻ ተከፈተ፤ የከረዩ አርብቶ አደሮች እንደ ጅሌዎቹ ከውኃ ዳር መሬታቸው ተገፉ። የኑራ ኤራ ብርቱካንና የመርቲ ቲማቲምም በዚሁ ሸለቆ በቀሉ። ከአብዮቱ በኋላ እርሻዎቹ የመንግሥት ሆኑ። የመርቲ ማቀነባበሪያ የሚያወጣው የቲማቲም ድልህና ማርማላታ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። መርቲን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ የጎንደርና የጅማ ሰው መርቲን በጣሳ አወቃት።

በዚህ ሁሉ መሃል አቦምሳ የአርባ ጉጉ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የአውራጃ ከተማ መሆን ትንሽ ነገር አይደለም። ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ፣ ትምህርት ቤትና ግብር ሰብሳቢ ባለበት ሆቴል ይከፈታል፣ ጠጅ ቤት ይሞቃል፣ ጠበቃና ራፖር ጸሐፊ ይሰፍራል። የአርባ ጉጉ ገበሬ ከደጋው ወርዶ ጉዳዩን የሚጨርሰው አቦምሳ ላይ ነበር።

አሰላም ተቀናቃኟን አዳማን የምትቋቋምበት የራሷን መንገድ ያዘች፤ እሱም እውቀት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመባት፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በአጭር ስሙ “ካዱ” ነው። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የገበሬ ብድርና የተሻሻለ ላም አርሲ ገቡ። በቁሉምሳ የስንዴ ምርምር ተስፋፋ። ነገር ግን ምርቱ እያደገ ሲሄድ መሬቱም ተወደደ፤ ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኛቸውን አስወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ በደስታ ከተቀበሉት አካባቢዎች አንዱ አርሲ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሰላ እንግዲህ የአርሲ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ፣ የእርሻ ሳይንስ መንደርና ቆይቶም የብቅል ፋብሪካ ባለቤት ሆነች። ስንዴው ግን እንደ አያቶቹ ቁልቁል ወርዶ አዳማ ላይ ይራገፍ ነበር፤ ዱቄት ፋብሪካዎቹና ጅምላ ነጋዴዎቹ እዚያ ናቸዋ።

በስምጥ ሸለቆው ደቡባዊ ክፍል ደግሞ ሌላ ፉክክር ተነስቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው ሐዋሳ የሲዳሞን ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወሰደች። ይርጋለም እየቀዘቀዘች ሄደች። ሻሸመኔ ግን ከሐዋሳ አፍንጫ ሥር ሆና አልቀዘቀዘችም፤ የባሌ፣ የወላይታና የሞያሌ መንገዶች የሚገናኙት እሷ ላይ ስለሆነ ቢሮ ባይኖራትም ገበያዋ ደራ። ይህን የሻሸመኔን ጥንካሬ የአቦምሳ ልጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ይመስላል። ቢሮ የሌላት ከተማ መስቀለኛ መንገድ ካላት ትተርፋለች። አቦምሳ ቢሮዋን ስታጣ እንዲህ ያለ መንገድ አልነበራትም።

ያጣችውም በ1983 ዓ.ም. ከመጣው የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው። አውራጃ ቀረ፤ ክልል፣ ዞንና ወረዳ ተተኩ። አርሲ ዞን ሆኖ መቀመጫው በአሰላ ጸና፤ አቦምሳ ወደ ወረዳ ከተማነት ወረደች። የወረቀቱ መንገድ የረዘመው ያኔ ነው።

አሰላና አካባቢዋ በዚያው ዘመን በሌላ ሜዳ ዓለምን አንበረከኩ። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ አጠለቀች። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተከተለ፤ ከዚያም እነ ቀነኒሳና ጥሩነሽ። አርሲ የሚለው ስም በዓለም የስፖርት ጋዜጦች የታተመው በሯጮቹ ነው። ኃይሌ ግን ሀብቱን በሆቴል ሥራ ላይ ሲያውል ከመረጣቸው ቦታዎች መካከል ሐዋሳ፣ ባቱና አዳማ ይገኛሉ። ክብር በደጋው ተወልዶ ገንዘብ ወደ ቆላው መንገድ የሚወርድበት ልማድ በስንዴ ብቻ አልቆመም።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋ። የአገሪቱ ወጪና ገቢ ዕቃ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የከባድ መኪናው ሰልፍ በአዳማ መሃል አለፈ፤ ጋራዡ፣ ጎሚስታው፣ መኝታ ቤቱና ምግብ ቤቱ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ተደረደረ። በ1987ቱ ቆጠራ 127,842 የነበረው የአዳማ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. 220,212 ደረሰ። በዚያው ቆጠራ አሰላ 67,269 ሰው ነበራት። አዳማ የባቡሯን ታላቅ እህት ድሬዳዋን ለመያዝ የቀራት ጥቂት ነበር።

በዚህ ጉዞ መሃል ለከተማዋ ትልቁ ዕጣ ወጣላት። በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ፤ ናዝሬት የሚለው ስምም በይፋ ቀርቶ አዳማ ተመለሰ። የክልሉ መንግሥት አዲስ አበባ የኦሮሞን ቋንቋና ባህል ለማሳደግ አመቺ አይደለችም የሚል ምክንያት አቀረበ። ለብዙ ኦሮሞዎች ግን ነገሩ ፊንፊኔን፣ ማለትም አዲስ አበባን፣ አሳልፎ እንደመስጠት ተቆጠረ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ክልሉ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም እንዳለው ደንግጓል፤ መቀመጫው ከወጣ ጥቅሙስ በማን እጅ ይጠበቃል? ቢሮዎቹ መጓዝ በጀመሩበት በ1996 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኦሮሞ ተማሪዎች ተቃውሞ አስነሱ። ብዙዎቹ ታሰሩ፣ ከትምህርታቸውም ተባረሩ። ተቃውሞውን የደገፈው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በዚያው ዓመት ተዘጋ።

በአዳማ በኩል ግን ግንባታው ተጧጡፎ ነበር። ቢሮ ተሠራ፣ ሆቴል ተነሳ፣ የገልማ አባ ገዳ አዳራሽ የኦሮሞ ባህልና ፖለቲካ ታላላቅ ጉባኤዎች ማረፊያ ሆነ። መሬት የገዛው ነጋዴም ዋና ከተማ ላይ መሬት እንደገዛ አምኖ ነበር።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ተካሄደ፤ ተቃዋሚው ቅንጅት አዲስ አበባን ጠራርጎ ወሰደ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 3 ቀን፣ የኦሮሚያ ገዥ ፓርቲ ኦሕዴድ የክልሉ መቀመጫ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመለስ አስታወቀ። አዳማ የክልል ዋና ከተማ ሆና የቆየችው በውሳኔ ቢቆጠር አምስት ዓመት ያህል፣ በተግባር ቢቆጠር ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ጊዜ ነው። አንዲት ከተማ በምርጫ ሰሞን ስሌት ስትሰጥና ስትነሳ ማየት ለነዋሪዎቿ የሚያሳዝን ነበር፤ ተማሪዎቹ የከፈሉት ዋጋም አልተመለሰላቸውም።

አዳማ ግን በዚያ ተሰብራ አልቀረችም። አዳራሹና አልጋው ባዶ እንዳይቀር ስብሰባ ጠራች። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱም፣ የእርዳታ ድርጅቱም፣ የሙያ ማኅበሩም ዓመታዊ ግምገማውንና ሥልጠናውን አዳማ ማድረግ ለመደ። ለአዲስ አበባ ይቀርባል፣ ከቢሮ ጥሪ ግን ያርቃል። በ1980ዎቹ የቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ትምህርት ቤቷም አድጎ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ለተወሰኑ ዓመታት የአሰላ የግብርናና የጤና ትምህርት ክፍሎች ሳይቀሩ በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነበሩ። ከዚያ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ ሲቋቋም ወደ ደጋው ተመለሱ። አሰላ ከአዳማ ላይ መልሳ የወሰደችው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ያልታሰበችው ተፎካካሪ ሞጆ ነበረች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የሞጆ ደረቅ ወደብ በአጭር ጊዜ ከአገሪቱ ደረቅ ወደቦች ሁሉ ትልቁ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ሠላሳ ሺህ ሰው እንኳ ያልነበራት ከተማ የኢትዮጵያ ኮንቴይነር ማራገፊያ ሆነች። ወደ ሐዋሳ የሚዘረጋው የፍጥነት መንገድም የሚነሳው ከእሷ ነው። ቀድሞ መገንጠያ ብቻ የነበረው ቦታ በመጨረሻ ዋጋ አወጣ።

መስከረም 2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አዳማ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የመጀመሪያው የፍጥነት መንገድ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ከከተማዋ አጠገብ ባሉት ኮረብታዎች ሁለተኛው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተጨምሮ የሁለቱ አቅም 204 ሜጋ ዋት ደረሰ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ባቡሩ መስመር ተመረቀ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፈተ፤ ሐዋሳ የራሷን ያስመረቀችው ከሁለት ዓመት በላይ ቀድማ ነበር። በአሮጌው መንገድ የዱከምና የቢሾፍቱ ሻይ ቤቶች መንገደኛውን በግድ ያገኙት ነበር። በአዲሱ የፍጥነት መንገድ የሚበረው ግን ዳር ዳሩን ያልፋቸዋል። ቢሾፍቱ ግን ማንም የማይወስድባት የሆራ አርሰዲ ሐይቅ አላት፤ በየዓመቱ ለኢሬቻ የምስጋና በዓል የሚተመው ሕዝብ የንግድ መንገድ አይመርጥም። ከመስከረም 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢሬቻ በአዲስ አበባም መከበር ሲጀምር በባህሉም በኩል መዲናዋ ተመልሳ መጣች።

ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ታላቁ የኦሮምኛ ዘፋኝ አሊ ቢራ በአዳማ ሆስፒታል ሲታከም ቆይቶ አረፈ። የተቀበረው በተወለደባት በድሬዳዋ ነው። ሐዲዱ ያሳደጋቸው ሁለት ከተሞች፣ አንዷ ስታስታምመው ሌላዋ አፈር አልብሳው፣ በአንድ ሐዘን ተገናኙ።

አቦምሳ ዛሬም ከሐዲዱም ከፍጥነት መንገዱም ርቃ ትገኛለች። ቲማቲሙ ሲበስል ቀን አይሰጥም፤ ገበሬው ደላላው በስልክ የነገረውን ዋጋ ተቀብሎ አይሱዙው ላይ ይጭናል። ማሸጊያው፣ ማቀዝቀዣውና ጅምላ ገበያው እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ቢተከል የአዳማ ድርሻ አይጎድልም። አዳማን አዳማ ያደረጋት የአርሲ ምርት ነውና የሚቀጥለውን መንገድና መጋዘን የሚያቅዱ ሰዎች ከአዳማ ወደ ጅቡቲ እንደሚያዩት ሁሉ ከአዳማ ወደ አቦምሳም ይዩ። በድልሁ ጣሳ ላይ የተጻፈው ስም መርቲ ነው፤ የመርቲ ዋና ከተማ ደግሞ አቦምሳ ናት።